የእንጨት ቀፎ ቀለም ይቀባ ወይስ ቫርኒሽ?

«ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ» ይላል የአገራችን ሰው። ማሩ ከመሰፈሩ በፊት ግን ቀፎው አለ። ስለ ቀፎው የሚናገር ሰው ብዙም አይገኝም።

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድና በየገጠር ከተማው በአናጺ ቤት ደጃፍ ተደርድረው የሚታዩት ባለ ፍሬም የእንጨት ቀፎዎች መልካቸው የተለያየ ነው። አንዱ ቢጫ ተቀብቷል፤ አንዱ ቫርኒሽ ተደርጎለት እንደ ሳሎን ቁም ሳጥን ያብረቀርቃል፤ ሌላው ከመጋዝ እንደ ወጣ ራቁቱን ቆሟል። ገዢው ገበሬ ዋጋ ይጠይቃል፣ ይከራከራል፣ ከፍሎ ይሄዳል። በምን እንደ ተቀባና ለምን እንደ ተቀባ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። አንድ ባለ ፍሬም ቀፎ ግን ለአንድ የገጠር ቤተሰብ ትንሽ ገንዘብ አይደለም። በሁለት ክረምት ተጣሞ ፍሬሙ አልወጣ ካለ፣ ወይም ንቡ ሽታውን ጠልቶ ከኮበለለ፣ ኪሳራው የባለቤቱ ብቻ ነው።

ስለዚህ መልሱን ከፊት አስቀምጠን ምክንያቱን ከኋላ እናምጣው። ደጅ የሚቀመጥ ቀፎ ከውጭ በኩል ፈዘዝ ያለ የውሃ ቀለም ይቀባ። ከውስጥ በኩል ምንም አይቀባ። ቫርኒሽ የሚያዋጣው ቀፎው ፀሐይና ዝናብ በማያገኘው ጥላ ሥር የሚቀመጥ ከሆነ ብቻ ነው። ገዢ የሆነ ሰው ደግሞ ቢቻል ያልተቀባ ቀፎ ገዝቶ ራሱ ይቀባ።

ቀፎ ለምን ይቀባል?

ቀፎ ለውበት አይቀባም። ንብ ለቀፎዋ ጌጥ ጠይቃ አታውቅም፤ በዱር በዛፍ ቀዳዳና በዋሻ ስትኖር ማንም ቀለም አልቀባላትም። ቀለም ያስፈለገው ሰው የንብን ቤት በሚሊ ሜትር መለካት ከጀመረ ወዲህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1851 ሎሬንዞ ላንግስትሮዝ የተባለ አሜሪካዊ ፓስተር አንድ ነገር ልብ አለ። ንቦች ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ክፍተት ሲያገኙ እንደ መተላለፊያ ይተዉታል እንጂ አይደፍኑትም። ከዚያ ሲጠብብ በሙጫ ይለጥፉታል፤ ሲሰፋ ደግሞ እንጀራ ይሠሩበታል። ዛሬ በዓለም ያሉ ባለ ፍሬም ቀፎዎች፣ በእኛ አገር የተለመደው የዛንደር ቀፎ ጭምር፣ የተሠሩት በዚህ ክፍተት ሕግ ነው። ፍሬሙ ሳይሰበር ወጥቶ፣ ማሩ ተጨምቆ፣ እንጀራው ተመልሶ የሚገባው ክፍተቱ ስለ ተጠበቀ ነው።

እንጨት ደግሞ ሕይወት እንዳለው ነገር ይሆናል። ውሃ ሲጠጣ በጎኑ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። በሐምሌ ያበጠ በመጋቢት ይሰነጠቃል። ጣውላው ጥቂት ሚሊ ሜትር ከተጣመመ ያ ክፍተት ጠፋ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ንቡ ፍሬሙን በሙጫ ያጣብቀዋል፤ አናቢው በቢላዋ ይገፋዋል፤ እንጀራው ይቀደዳል፤ ማሩ ይፈስሳል፤ ንቡ ይቆጣል፤ የፈሰሰውን ማር ተከትሎ ጉንዳን ይመጣል። ባለ ፍሬም ቀፎ ገዝቶ እንደ ባህላዊ ቀፎ እየቆረጠ የሚጠቀም ገበሬ ሲገጥማችሁ «ሥልጠና አላገኘም» ከማለት በፊት ፍሬሙ ይወጣ እንደ ሆነ እዩለት።

እንግዲህ የቅብ ሥራ ይኸው ነው፤ እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ልኩን እንዳይስት ማድረግ። የቀለምና የቫርኒሽ ክርክርም በዚህ ሚዛን ነው መመዘን ያለበት።

ባህላዊው ቀፎ ያስተምረናል

አባቶቻችን ቀፎ ሳይቀቡ ኖረዋል ማለት ስህተት ነው። ከሐረግ፣ ከጨፈቃ ወይም ከቀርከሃ የተጎነጎነው ቀፎ በእበት ይለሰናል፤ እበቱም ከጭቃ ወይም ከአመድ ጋር ይለወሳል። ሲደርቅ ደህና አድርጎ ይታጠናል። ይህ ልስን የቀፎው ቀለም ነው። ንፋስና ብርሃን ይከለክላል፣ ሙቀቱን ይጠብቃል፣ እርጥበቱን ቀስ ብሎ ያስተነፍሳል፣ መርዝ የለበትም፣ ሲሰነጠቅም በነጋታው ይጠገናል።

ጉድለቱ ሌላ ነው። ከባህላዊ ቀፎ ማር የሚገኘው እንጀራው ተቆርጦ ነው፤ ምርቱም በየግብርና ጽሑፉ እንደሚጠቀሰው ከ5 እስከ 8 ኪሎ ገደማ ነው። በሚገባ የተያዘ ባለ ፍሬም ቀፎ ግን ከ15 እስከ 20 ኪሎና ከዚያም በላይ ሊሰጥ ይችላል። ሆኖም ቅብን በተመለከተ ባህላዊው ቀፎ አራት መስፈርት ትቶልናል። ቅቡ ውሃ ይከላከል፤ ቀፎው ይተንፍስ፤ መርዝ አይኑርበት፤ ጥገናው ቀላል ይሁን። ከሱቅ የሚገዛውን ቆርቆሮ በእነዚህ አራት ጥያቄዎች መፈተን ይቻላል።

ቀለምና ቫርኒሽ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ቀለም ከሦስት ነገሮች ይሠራል። አንዱ ማያያዣው ነው፤ ሲደርቅ ስስ ቆዳ የሚሆነው እርሱ ነው። ሁለተኛው ማቅጠኛው ነው፤ ውሃ ወይም እንደ ቲነር ያለ ፈሳሽ ሆኖ ከተቀባ በኋላ ተንኖ ይሄዳል። ሦስተኛው ዱቄቱ ነው፤ መልኩን የሚሰጠው፣ እንጨቱንም የሚሸፍነው እርሱ ነው። ቫርኒሽ ማለት በአጭሩ ዱቄት የሌለው ቀለም ነው። የእንጨቱን መልክ የሚያሳየን ስለዚህ ነው። የሚሸነፈውም በዚያው ምክንያት ነው።

ዱቄቱ ለእንጨቱ ጃንጥላ ነው። የፀሐይ ጨረር፣ በተለይም ዓይን የማያየው አልትራቫዮሌት የተባለው ክፍል፣ የእንጨቱን ቃጫ አያይዞ የያዘውን ሊግኒን የተባለ ነገር ይበጣጥሳል። ቀለም ጨረሩን ከላይ ያስቀረዋል። ቫርኒሽ ግን እንደ መስኮት መስታወት አሳልፎ ያስገባዋል። ከቫርኒሹ ሥር ያለው እንጨት ሲላላ ቫርኒሹ የቆመበት መሬት ይከዳዋል፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተነሣ ይረግፋል። በስንጥቁ የገባ የዝናብ ውሃ መውጫ ያጣል፤ እንጨቱም ከሥር ይጠቁራል።

አሁን ወደ ምዕራብ ጎጃም እንምጣ። ፍኖተ ሰላምም ቡሬም ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር የዚህ ጨረር ኃይል በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በዚህ ላይ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው ዝናብና ከዚያ በኋላ ለወራት የሚዘልቀው በጋ አለ። እንጨቱ አራት ወር ይነከራል፣ የቀረውን ወር ይጠበሳል። ለቫርኒሽ ከዚህ የከፋ ፈተና ማግኘት ያስቸግራል።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ቀለምና ቫርኒሽን ከማንም በላይ ሲያከራክር የኖረው በውጭው ዓለም የእንጨት ጀልባ የሚሠራ ሰው ነው። (የጣናው የደንገል ታንኳ ከሁለቱም ነጻ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ይጣልና ሌላ ይታሰራል።) ለመርከብ ምሰሶ ተብሎ የተሠራ፣ ዘይት የበዛበትና ከእንጨቱ ጋር የሚሳብ ልዩ ቫርኒሽ እንኳ አለ። ይሁንና ጀልባ ሠሪዎቹ ራሳቸው በቫርኒሽ የሚያስጌጡት በየዓመቱ ሊያድሱት የሚችሉትን ጥቂት ቦታ ነው፤ ቀፎ የሚያክለውን ሰፊ ጎን ግን ለቀለም ይተዉታል። ውሃ ላይ የሚውል ሰው የደረሰበትን ድምዳሜ ደጅ ለሚውል ሣጥን መዋስ ነውር የለበትም።

ስለ ቫርኒሽ የሚቀርበው መከራከሪያ

ፍርድ ከመስጠት በፊት ሁለቱንም ወገን መስማት ይገባል። ቫርኒሽ ወዳዶች የሚያነሡት አንድ ብርቱ ነጥብ አለ፤ ቀለም ጉድ ይሸፍናል ይላሉ። እውነት ነው። በወፍራም ቀለም ሥር ስንጥቅ በስቱኮ ተደፍኖ፣ ያልደረቀ ጣውላ ተደብቆ፣ ነቀዝ የበላው እንጨት ገብቶ ሊሸጥ ይችላል። ቫርኒሽ ግን የእንጨቱን ዓይነት፣ ዕድሜና ጤና ይናገራል። ዋንዛ ይሁን የፈረንጅ ጽድ ወይም ባሕር ዛፍ ገዢው በዓይኑ ይለየዋል።

የእንጨቱ ዓይነት ደግሞ ዋና ነገር ነው። ዋንዛ ቀላልና ለሥራ የሚመች፣ እምብዛም የማይጣመም እንጨት ነው። የፈረንጅ ጽድም በደንብ ከደረቀ ጥሩ ቀፎ ይወጣዋል። ባሕር ዛፍ ለማገርና ለምሰሶ የታወቀ ቢሆንም በጣውላ መልክ ሲደርቅ መጣመምና መሰንጠቅ ያበዛል። ርካሽ ስለ ሆነ ብቻ ለቀፎ የሚመርጠው ሰው ኋላ የትኛውም ቀለም አያድነውም።

እንግዲህ የቫርኒሽ ወዳዶቹ ነጥብ ተገቢ ነው። መፍትሔው ግን ደጅ ለሚቀመጥ ቀፎ ቫርኒሽ መቀባት አይደለም። ያልተቀባ ቀፎ መግዛት ነው። ራቁቱን የቆመ ቀፎ ምንም አይደብቅም። መርምሮ፣ ለክቶ፣ ፍሬሙን አስገብቶና አውጥቶ ገዝቶ፣ ከዚያ ቤት ወስዶ መቀባት ከሁለቱም ወገን ጥቅሙን ማግኘት ነው።

ለቤት ዕቃ የሚረጨው ላከር ደግሞ ከዚህ ክርክር ውጭ ነው። ቶሎ ይደርቃል፣ ያምራል፤ ነገር ግን ደረቅና ተሰባሪ ስለ ሆነ እንጨቱ ሲያብጥ አብሮት አይሳብም። ለሳሎን ወንበር እንጂ ለደጅ ሣጥን አይሆንም።

ከውስጥ በኩል ቀቢዋ ንብ ናት

የቀፎው ውስጥ፣ ፍሬሞቹና የመግቢያው ከንፈር በምንም አይቀቡ። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ በቀፎው ውስጥ ያለ ማንኛውም ሽታና ኬሚካል ወደ ሰሙና ወደ ማሩ ይደርሳል። ሰም በተለይ ስብ ነክ ነገርን እንደ ስፖንጅ ይመጣል፣ ለዓመታትም ይይዛል። ሁለተኛው፣ ንብ ራሷ ቀቢ ናት። ከዛፍ እምቡጥና ቅርፊት ሙጫ ሰብስባ ግድግዳውን ትለቀልቀዋለች፤ ፕሮፖሊስ የሚባለው ይህ ነው። ቀዳዳ ይደፍናል፣ ሻጋታና ተሕዋስያንን ይከላከላል። ከዚህ የተሻለ ቫርኒሽ በሱቅ አይሸጥም፤ ዋጋም አይጠየቅበትም።

ንቦች የእጭ ክፍላቸውን ከ34 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያቆዩታል። የአበባውን ወለላ ወደ ማር ሲለውጡም ብዙ ውሃ ያተናሉ። ይህ እርጥበት ከፊሉ በመግቢያው፣ ከፊሉ በእንጨቱ በኩል ይወጣል። ውጩ ፈጽሞ በማያስተነፍስ ወፍራም የሚያብረቀርቅ ቅብ ከታሸገ እርጥበቱ ከሥሩ ይጠራቀማል፤ ቅቡም እንደ እሳት ቁስል ውሃ ይቋጥራል። በዚህም የውሃ ቀለም ከዘይት ቀለምና ከቫርኒሽ ይሻላል፤ ዝናቡን እየመለሰ እንፋሎቱን በመጠኑ ያሳልፋል።

የቱ ቀለም? ምን ዓይነት መልክ?

በሱቅ ቋንቋ እንነጋገር። «ፕላስቲክ» የሚባለው የውሃ ቀለም ሁለት ዓይነት አለው፤ ለውስጥና ለውጭ። መጠየቅ ያለበት ለውጭ የሚሆነው ነው። የውስጡ ርካሽ ነው፤ ዝናብ ሲያገኘው ግን እንደ ኖራ ይታጠባል። «ኳርትዝ» የሚባለው ለግንብ የተሠራ ነው፤ ለእንጨት ይተው። «ሲንተቲክ» የሚባለው የዘይት ቀለም ውሃ በመከላከል ጠንካራ ነው፤ ሌላ ከሌለ ይቻላል፤ ግን ስስ ተደርጎ ይቀባ፣ ሽታው ፈጽሞ እስኪጠፋም ይጠበቅ።

መልኩ ነጭ፣ ክሬም ወይም ፈዛዛ ሰማያዊ ቢሆን ይመረጣል። ጠቆር ያለ ቀለም የቀትር ፀሐይን ይሰበስባል። ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ አካባቢ ቢሆንም ከዚያ በጣም ቀደም ብሎ ይላላል፤ ማር የተሸከመ እንጀራ ሲላላ ይወድቃል። በሙቀት የተጨነቀ ንብ ወለላ መቅሰሙን ትቶ ውሃ ሲያመላልስና ክንፉን ሲያራግብ ይውላል። የሚጠፋው የሥራ ቀን ከማሩ ላይ ይቀነሳል። ብዙ ቀፎ ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ሰው ደግሞ መልካቸውን ቢለያይ ንቡ ቤቱን አይስትም፤ ንብ ሰማያዊ፣ ቢጫና ነጭን ጥሩ አድርጋ ትለያለች፤ ቀይን ግን አታይም።

ቢጫና ቀይ ቀለም፦ ሕጉ ምን ይላል?

እዚህ ላይ ከንብ ወደ ሰው ጤና የሚሻገር ጉዳይ አለ። ሊድ ወይም እርሳስ የተባለው ከባድ ብረት ለረጅም ዘመን በቀለም ውስጥ ሲጨመር ኖሯል፤ በተለይም ደማቅ ቢጫ፣ ቀይና አረንጓዴ በሆኑ የዘይት ቀለሞች። የልጆችን አእምሮ ይጎዳል፤ ጉዳት የለውም የሚባል መጠን አልተገኘለትም። ማር አሲዳማ ነው፤ አሲድ ደግሞ ብረት ያሟሟል። የረገፈ ቀለም በማር ማሰሮ ውስጥ ቢገባ፣ ወይም አሮጌ ቀፎ ሲፋቅ አቧራውን ልጅ ቢተነፍሰው ጉዳቱ የቀልድ አይደለም።

የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2010 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ ቁጥር 429/2010 በቀለም ውስጥ የሚገኝ ሊድ ከአንድ ሚሊዮን እጅ 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል። ሕጉ ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን ደንብ በነጋሪት ጋዜጣ መታተሙ ብቻውን የገጠር ሱቅ መደርደሪያን አያጸዳም። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። ስለዚህ ጽሑፍ የሌለውን፣ ከትልቅ በርሜል ወደ ውሃ ላስቲክ ተገልብጦ የሚሸጠውን ቀለም አለመግዛት፤ አምራቹ የታወቀና ሊድ የሌለበት መሆኑ የተጻፈበትን መጠየቅ ሰበብ መፈለግ ሳይሆን መብት ነው።

የአገሪቱ ማር ገበያም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2008 ኢትዮጵያን ማር እንዲልኩ ከሚፈቀድላቸው አገሮች ዝርዝር አስገብቷታል። ያ ፈቃድ የሚቆመው በማሩ ውስጥ ያለ የኬሚካል ቅሪት በየጊዜው እየተመረመረ ነው። የአንድ ገበሬ ቀፎ ቅብ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው የሚል ይኖራል። የተለያየ ገበሬ ማር በአንድ በርሜል ሲቀላቀል የአንዱ ጉድለት የሁሉም ይሆናል።

የተቃጠለ ዘይት አይነካ

ምስጥን ለመከላከል እንጨትን በተቃጠለ የመኪና ዘይት መቀባት በአገራችን የተለመደ ነው። ለአጥር ምሰሶ የሚያደርገው ያድርግ። ለቀፎ ሣጥን ግን ፈጽሞ መሆን የለበትም። የተቃጠለ ዘይት ከሞተሩ የተፋቀ ከባድ ብረትና ካንሰር አምጪ የሆኑ የቃጠሎ ቅሪቶችን ይይዛል፤ ሽታው አይለቅም፤ ወደ ሰሙም ይሰርጋል። ነፍሳት ገዳይ የተጨመረበት የእንጨት መድኃኒትም እንዲሁ ነው፤ ምስጥን የሚገድል ንብን አይምርም።

ምስጥና ጉንዳንን የሚከለክለው የቀፎው ሣጥን ሳይሆን መቆሚያው ነው። ቀፎው ከመሬት ከፍ ብሎ በእግር ላይ ይቁም፤ ዙሪያው ይመንጠር፤ በእግሮቹ ሥር አመድ ይነስነስ፤ ከቅርንጫፍና ከረጅም ሣር ጋር አይነካካ።

ከሱቅ የራቀ ሰው ምን ያድርግ?

ግጭት በአካባቢው በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ከተቀሰቀሰ ወዲህ መንገድ በየጊዜው ሲዘጋ ከከተማ የሚመጣ ዕቃ መጥፋቱ ወይም መወደዱ የታወቀ ነው። ቀለም ላላገኘ ሰው ከጓዳው የሚወጣ አማራጭ አለ፤ የተልባ ዘይት። የተልባ ዘይት አየር ሲያገኘው ወደ ስስ ቆዳ የሚለወጥ ዘይት ስለ ሆነ ለዘመናት የቀለምና የቫርኒሽ ዋና ማያያዣ ሆኖ አገልግሏል። የኑግ ዘይትም የዚህ ጠባይ በመጠኑ አለው፤ ግን ሲደርቅ ይዘገያል፣ ለረጅም ጊዜም ይጣበቃል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ለሃያ እጅ የተልባ ዘይት አንድ እጅ ንጹሕ ሰም ይበቃል። ሰሙን ከዘይቱ ጋር በዕቃ አድርጎ፣ ዕቃውን የፈላ ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ ማቆምና ማቅለጥ ነው። በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድ፤ ይነዳል። ሞቅ እያለ በጨርቅ ስስ አድርጎ በውጩ ላይ ማሸት፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንጨቱ ያልጠጣውን መጥረግ፣ በየመሐሉ ጥቂት ቀን እየሰጡ ሁለት ሦስት ጊዜ መድገም ያስፈልጋል። በደንብ እስኪደርቅ ሳምንታት ይወስዳል፤ በየዓመቱም ይታደሳል። ከቀለም ያንሳል፤ ከራቁት እንጨት ግን እጅግ ይሻላል።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ፤ በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ ማንም ክብሪት ሳይጭር ራሱ ግሎ ሊነድ ይችላል። የሣር ክዳን ባለበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጨርቁን ደጅ ዘርግቶ ማድረቅ ወይም ውሃ ውስጥ መንከር ግድ ነው።

አቀባቡ በቅደም ተከተል

በመጀመሪያ እንጨቱ ይድረቅ። እርጥብ እንጨት መቀባት ውሃውን ውስጥ ቆልፎ መያዝ ነው። ጥሩው ወቅት ከኅዳር እስከ ግንቦት ያለው በጋ ነው። ቀፎው ክረምቱ ሳይገባ ከተዘጋጀ፣ አደይ ፈንድቶ ንብ በሚመነጋበት በመስከረምና በጥቅምት ሽታ የሌለው ቤት ሆኖ ይጠብቃል።

ሁለተኛ፣ ውጩ በብርጭቆ ወረቀት ይታሽ፤ አቧራው ይጠረግ። ሦስተኛ፣ የጣውላው ጫፍና መጋጠሚያው ቀድሞ ይቀባ። እንጨት ውሃ የሚጠጣው በጎኑ ሳይሆን ይልቁንም በተቆረጠው ጫፉ በኩል ነው፤ መበስበስም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ችኩል ሠራተኛ ፊቱን አሳምሮ ጫፉን የሚረሳው በዚህ ቦታ ነው። አራተኛ፣ መነሻው ቀለም በጥቂት ውሃ ቀጥኖ ይቀባና እንጨቱ ይጠጣው፤ ሲደርቅ ሳይቀጥን ሁለት ጊዜ ይደገም። አንድ ጊዜ በወፍራሙ ከመቀባት ሦስት ጊዜ በስሱ መቀባት ይበልጣል። በቀትር ፀሐይ አይቀባ።

አምስተኛ፣ ይቆይ። የውሃ ቀለም ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ የዘይት ቀለም ከዚያ በላይ ነፋስ ባለበት ጥላ ይቀመጥ። አፍንጫን አስጠግቶ ማሽተት ጥሩ ፈተና ነው፤ ለሰው የሚሸት ለንብ ይጮኻል። አባቶቻችን ቀፎ በወይራ እንጨት ያጥኑ የነበረው ሽታ ንብን እንደሚጠራና እንደሚያባርር ስለሚያውቁ ነው። ዛሬም ውስጡን አጥኖ ጥቂት ሰም ማሸት የተቀባውን ቀፎ ወደ ንብ ቤትነት ይመልሰዋል።

ሒሳቡን እናስላ። ባለ ሁለት ሣጥን ቀፎ የውጭ ስፋቱ ከክዳኑ ጋር ከአንድ ካሬ ሜትር ብዙም አይበልጥም። አንድ ሊትር ቀለም በለሰለሰ ገጽ ላይ አንድ ጊዜ ሲቀባ ከ8 እስከ 10 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ሸካራ ጣውላ የሚጠጣውን ጨምረን፣ ሦስት ጊዜ ብንቀባ እንኳ አንድ ሊትር ለሁለት ቀፎ ይበቃል። ሦስትና አራት ጎረቤት ተባብሮ አንድ ቆርቆሮ ቢገዛ ወጪው ይቀላል።

ለክዳኑ ግን የትኛውም ቅብ ብቻውን አይበቃም። ቆርቆሮ ይልበስ። ከሁሉም በላይ ደግሞ መጠለያ ይሠራለት። በአራት ባላ ላይ የቆመ የሣር ዳስ ፀሐዩንም ዝናቡንም ስለሚያስቀር ከውድ ቀለም ይበልጣል። ቫርኒሽ የወደደ ሰውም ቀፎውን በዚያ ዳስ ሥር ካስቀመጠ ሊቀባ ይችላል፤ እዚያ ክርክራችን ያበቃል።

ከአናጺው ጋር ያለው ውል

በመጨረሻ አንድ የሕግ ነገር። ቀፎ ስናሠራ የምናደርገው ንግግር ውል ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስትና እንዲሰጥ ያስገድዳል። ገዢውንም አይለቀውም፤ ዕቃውን ጊዜ ሳይሰጥ መርምሮ ጉድለት ካገኘ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። ቀለም ተቀብቶ የመጣ ቀፎ ደግሞ ለምርመራ አይመችም፤ ጉድለቱ የሚታየው ቀለሙ ሲረግፍ፣ ምናልባት ከሁለት ክረምት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ጣውላው ሲሸጥ እርጥብ እንደ ነበር በምን ይረጋገጣል?

ስለዚህ አንድ ቀፎም ይሁን ሃምሳ፣ በአንድ ቁራጭ ወረቀት ይጻፍ። የእንጨቱ ዓይነት፣ የጣውላው ውፍረት፣ ጣውላው የደረቀ መሆኑ፣ የፍሬሙ ክፍተት፣ ሳይቀባ የሚቀርብ መሆኑ፣ ፍሬም ቢያጣብቅ አናጺው እንደሚያስተካክል ይገለጽ፤ ሁለቱ ይፈርሙ። ብዙ ቀፎ ገዝተው ለወጣት ማኅበራትና ለገበሬዎች የሚያከፋፍሉ መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች ዘንድማ ይህ ግዴታ መሆን ነበረበት። «ስንት ቀፎ ተከፋፈለ» የሚለው ሪፖርት «ከሁለት ክረምት በኋላ የስንቱ ፍሬም ይወጣል» በሚል ጥያቄ ካልታገዘ ለማንም አይበጅም።

ደህና አናጺ ይህን ሲጠየቅ አይከፋም። በሥራው የሚተማመን ሰው እንጨቱን ራቁቱን ያሳያል። ቀለሙን መቀባት የገበሬው ድርሻ ነው፤ ውስጡን መቀባት የንቧ።